የአጎራባች ስምምነት

በቅርስ መዝገብ ላይ የሚዛንና መስፈሪያ ሕንፃ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ንብረቶች አሉት። ቁጥር አንድ የፊት ለፊቱ ደረጃ ነው። ቁጥር ሁለት ፀሐይ እንዳያስቸግር በመስኮቶቹ ፊት የተተከሉት የሲሚንቶ ክንፎች ናቸው። ከዚያ በጠጠር የተለሰነው የግራኒሊያ ወለል፣ የብረት መስኮቶቹ፣ መሥራት ካቆመ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሊፍት፣ አርባ ጠረጴዛ፣ ሃምሳ ሁለት ወንበር፣ ሦስት የጽሕፈት መኪና እያለ ይወርድና የመጨረሻው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ «ቁጥር 212። ሠራተኛ። ብዛት፦ አንድ። ሁኔታ፦ ደህና።»

ብዛት አንዱ ያፌት ሀብታሙ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሲሆን ሃያ ሰባቱን ያሳለፈው እዚህ ነው። «ሁኔታ፦ ደህና» የሚለውን በየዓመቱ ጥር ላይ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ነበር የሚጽፈው፤ ጉልበትህን ያምሃል ወይ ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ። ያፌት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይከፋው ነበር። ኋላ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዓመት አንዴም ቢሆን አየት አድርጎ ደህና ነው የሚል ሰው መኖሩን ወደደው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ተቆጣጣሪውም ቀረ። ፍተሻውን ጣሪያው ላይ የተሰካች ዓይን ታካሂደዋለች፤ ያፌትም ጥር በመጣ ቁጥር ፀጉሩን ተስተካክሎ ከሥሯ ይቆማል።

ሕንፃው የተሠራው በ1956 ነው፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከተማዋ ቀና ቀና ማለት በያዘችበት ዘመን። ሰባት ፎቅ ነው። ያን ጊዜ ከክፍለ ሀገር የመጣ እንግዳ ሊፍቱን እንዲያይ ይወሰድ ነበር ይባላል። ዘንድሮ፣ በ2091፣ ዙሪያውን ከቆሙት ሕንፃዎች መሀል ሲታይ ትልልቅ ሰዎች መሀል የተቀመጠ ሕፃን ይመስላል። እስካሁን ያልፈረሰው ሕግ ስላለው ነው። ሕጉ የሚጠብቀው ደግሞ ሲሚንቶውን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ጭምር ነው። ሕንፃው ቢሮ ነው፤ ቢሮ ያለ ሠራተኛ ቢሮ አይሆንም፤ ስለዚህ ሠራተኛም ይጠበቃል። መጀመሪያ የተመዘገቡት ሰባት ነበሩ። አንዱ ጡረታ በወጣ ቁጥር ሌላ ከመቅጠር መዝገቡን ማረም ቀለለና ቁጥሩ እየወረደ አንድ ላይ ደረሰ።

ስድስቱ ሲሄዱ ኮታቸውን ትተው ነው የሄዱት። የቅርሱ ጥበቃ መመሪያ ያዛል። በድሮ መሥሪያ ቤት ሰው ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ለግል ጉዳዩ ውልቅ ይል ነበርና፣ ኮቱ ካለ ሰውየው አለ ማለት ነበርና፣ መመሪያውን ያዘጋጁት አጥኚዎች ይህን ከሽማግሌዎች አፍ ሰምተው አንቀጽ አደረጉት። ስድስት ኮቶች ዛሬም በስድስት ወንበሮች ላይ አሉ። ያፌት ዓርብ ዓርብ አቧራቸውን ያራግፋል። በአቶ ዮቶር ኮት ኪስ ውስጥ አንድ ያልተከፈተ ማስቲካ አለ፤ እሱም በመዝገብ ቁጥር አለው።

በመመሪያው ውስጥ ከሁሉ የሚረዝመው ምዕራፍ «የባለጉዳይ አያያዝ» የሚለው ነው። ባለጉዳይ በመጀመሪያው ቀን ሲመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ይሆናሉ። በሁለተኛው ቀን አንድ ማስረጃ ይጎድለዋል። በሦስተኛው ቀን ማህተም ያዡ ለሥራ ወጥቷል። አጥኚዎቹ ብዙ ደክመውበታል፤ ድምፁ ምን ያህል የሰለቸ መሆን እንዳለበት ሳይቀር ተጽፏል። ያፌት ሥራ ሲጀምር ሦስት ወር ሙሉ የሠለጠነው በዚህ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነበር።

ችግሩ ባለጉዳይ አለመኖሩ ነው። የከተማው ሰው ጉዳይ ሲኖረው እቤቱ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ መልስ ሰጪ የተባለው ማሽን በአንድ ሰከንድ ይሰማል፣ ይወስናል፣ ይነግረዋል። ሰልፍ የለም፣ ደጅ መጥናት የለም፣ ዘመድ መፈለግ የለም። ምግቡ በመስኮት ይገባል፣ ሐኪሙ በግድግዳ ይመጣል። ያፌት ራሱ ማታ ማታ የሚገባው እንዲህ ባለ ክፍል ነው፤ ሚስቱን ከቀበረ ከሰባት ዓመት ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ግድግዳው ብቻ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቢሮውን ደረጃ ሲወጣ ደስ ይለዋል። አራት ሰዓት ላይ ሻዩን ከፔርሙስ ይቀዳል፣ በባዶ ወረቀት ላይ ቁጥር ይሰጣል፣ ያንኑ ወረቀት ፋይል ውስጥ ያስገባል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ደረጃ ከእሱና ጥር ላይ ይመጣ ከነበረው ተቆጣጣሪ በቀር የወጣ ሰው አልነበረም።

ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ያፌት የእግር ኮቴ ሰማ።

ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳና ፋይል አንስቶ ያዘ። ኮቴው ቀስ ብሎ፣ በየደረጃው እያረፈ፣ ወደ አንደኛ ፎቅ ወጣ።

«ቤቶች! ሰው አለ?» የሚል ድምፅ ተሰማ።

በሩ ላይ የቆሙት ሰባውን አልፈው ወደ ሰማንያ የሚሄዱ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ሹራብ የደረቡ ሴት ነበሩ። በእጃቸው የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል። ያፌትን ሲያዩ እሳቸውም እንደ መደንገጥ አሉ።

«ውይ፣ አለ ለካ!» አሉ። «እንደምን አደሩ ጌታዬ። ሶልያና እባላለሁ። ጎረቤት ነኝ።»

«ጎረቤት?»

«ከዚህ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ኮንዶሚኒየም። አራተኛ ፎቅ። ሠላሳ ዓመት ሆነን።»

ያፌት ኮንዶሚኒየሙን ያውቀዋል። ባለአራት ፎቅ፣ አሮጌ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ነው። ከቅርሱ አጠገብ ስላለ መልኩ እንዲለወጥ አልተፈቀደም። ሰው እንዳለበት ግን ለአንድ ቀን እንኳ አስቦ አያውቅም። «ይቀመጡ እማማ» አለ፤ ድምፁን ራሱ አላወቀውም።

ወይዘሮ ሶልያና አግዳሚው ወንበር ላይ አረፍ ብለው ጉዳያቸውን አወሩ። ባለቤታቸው አቶ ናሆም ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ወገባቸው ከከዳቸው ወዲህ ደረጃ አይወርዱም። አራት ዓመት ሙሉ መሬት አልረገጡም። ድሮ ቢሆን ጎረቤት ተጠራርቶ በወንበር ያወርዳቸው ነበር፤ አሁን ግን ከሠላሳ ሁለቱ ቤቶች የሚከፈት በር የለም። በሽታቸው ይኸው ነው እንጂ መድኃኒቱም ምግቡም አልጎደለም።

«መልስ ሰጪውን ጠየቅነው» አሉ። «'ወደ ታች መውረድ የሚጠይቅ አገልግሎት በአካባቢዎ የለም' አለን። አገልግሎት አይደለም እኮ የፈለገው! መሬት ልርገጥ፣ ሰው ሲያልፍ ልይ ነው የሚለው። ስንት ጊዜ ብንለምን በመጨረሻ ከውጭ የሚለጠፍ ሊፍት ፈቀደ። በሦስት ቀን ይተክሉታል። ግን ደረጃው በኩል ቦታ የለም፤ የእናንተን ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቆመው። የአጎራባች ስምምነት አምጡ ተባልን። 'አጎራባቹ መልስ አልሰጠም' ይለናል ይኸው ስድስት ወር። ሕንፃ እንዴት አድርጎ መልስ ይሰጣል? ኋላ፣ እስቲ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ወጣሁ።»

ወረቀቱን ዘረጉለት። የሚፈለገው አንድ መስመር ነበር፤ ይህ መሥሪያ ቤት ሊፍቱ በግድግዳው ላይ ቢደገፍ ተቃውሞ እንደሌለው፣ ከፊርማና ከማህተም ጋር። የሚፈርመው ኃላፊው ነው። ኃላፊው ደግሞ፣ ከሰባቱ የቀረ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ያፌት ነው።

የመመሪያው አንቀጽ አሥራ አራት ግን በቃሉ ነበረች። በሕንፃው ግድግዳ ላይ ማናቸውም ነገር ቢለጠፍ ወይም ቢደገፍ ጥበቃው በዚያው ዕለት ይነሳል። ከመንገዱ ማዶ የነበረው የድሮ ማተሚያ ቤት ጥበቃው የተነሳው ሐሙስ ቀን ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ያፌት ሲያልፍ ቦታው ተጠርጎ አልቋል። እንግዲህ ፊርማው ለሰውየው ሊፍት ሲሰጥ ከያፌት ደረጃውን፣ ወንበሩን፣ የአራት ሰዓት ሻዩን፣ ሁሉን ይወስዳል። ካልፈረመ ደግሞ ሰውየው እዚያው እላይ ይቀራሉ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም።

ያፌት ወረቀቱን አየ፤ ሴትዮዋን አየ። አፉ ግን የሠለጠነውን ተናገረ።

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ይመለሱ።»

ወይዘሮ ሶልያና ቅር ይላቸዋል ብሎ ሲጠብቅ ፊታቸው ፈካ አለ። «ስብሰባ!» አሉ። «አባቴ ከየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ተባልኩ እያለ ነበር የሚመጣ። ነገ እመጣለሁ ጌታዬ።» ደረጃውን እየደገፉ ወረዱ። ያፌት ኮቴያቸው እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ ሰማ።

በማግስቱ መጡ። ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና የመኖሪያ ማረጋገጫ ጎደለ። የሻይ ሰዓት ስለደረሰ ግን ያፌት ሻይ ቀዳላቸው፤ ለሁለተኛ ሰው የሚሆን ብርጭቆ ከመሳቢያ እስኪያገኝ ግማሽ ሰዓት ፈለገ። በሦስተኛው ቀን ፎቶግራፉን ይዘው መጡ፤ ማህተም ያዡ ወጥቶ ነበር። እሱን ሲጠብቁ እስከ ምሳ ተቀመጡ። ያፌት ምሳ ዕቃውን ከፍቶ «ይቅመሱ እንጂ» ሲላቸው መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ሁለቴ ሲግደረደሩ ቆይተው ቀመሱ። ከሰው ጋር ሲበላ እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚበላ ያፌት ረስቶት ነበር።

መመሪያው የሚያዘው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ከአራተኛው ቀን ወዲያ ያለው የያፌት የራሱ ፈጠራ ነው።

በአራተኛው ቀን ማመልከቻው ለሚመለከተው ክፍል ተመራ። በአምስተኛው ቀን የሚመለከተው ክፍል አስተያየት እንዲሰጥበት መለሰው። በስድስተኛው ቀን ፋይሉ ከሌላ ፋይል ጋር ተቀላቅሎ ሲፈለግ ዋለ፤ ወይዘሮ ሶልያናም ተነስተው አብረው ፈለጉ። መሳቢያ እየሳቡ፣ በስድሳ ዓመት ወረቀት ላይ አቧራ እፍ እያሉ፣ ስለ አቶ ናሆም ያወሩለታል። በወጣትነታቸው የታክሲ ረዳት ነበሩ። በአፍላነታቸው ጊዜ ከዚህ እስከ መገናኛ ስማቸውን የማያውቅ ተሳፋሪ አልነበረም። አሁን ግን ሲነጫነጩ ይውላሉ። ግድግዳው ጨዋታ ሲያመጣላቸው «ዝም በል» ይሉታል፤ ግድግዳውም ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ይብሱኑ ይናደዳሉ።

ያፌት ያደምጣል። በየቀኑ ጢሙን መላጨት ጀምሯል። ማታ ክፍሉ ሲገባ ነገ ምን ቢጎድል ይሻላል እያለ ያስባል። ስለ ሕንፃው መጨነቁንም አልተወም፤ ለራሱም የሚነግረው ይህንኑ ነው፤ ሕንፃውን እያተረፍኩ ነው ይላል። ነገር ግን ሕንፃውን ለማትረፍ «አይሆንም» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አይሆንም ካለ ደግሞ ሴትዮዋ አይመለሱም።

በሰባተኛው ቀን ወይዘሮ ሶልያና ቀለል ብሏቸው መጡ።

«ዛሬ እስከ ማታም ብቆይ ግድ የለም» አሉ ሹራባቸውን እያወለቁ። «ለናሆም መስኮት ሰጡት።»

«የምን መስኮት?»

«ቅሬታ ላበዛ ሰው የሚሰጥ ነው አሉ። ግድግዳው በሙሉ መንገድ ሆነለት። ሰው ያሳየዋል። ከትናንት ጀምሮ እሱን እያየ ነው፤ ስወጣም የት ነሽ አላለኝ።»

«እሰይ!» አለ ያፌት። ከልቡ ነው ያለው። ወዲያው ደግሞ ለምን እንዲህ ደስ እንዳለው ገባውና አንገቱን ደፍቶ ሻይ መቅዳት ያዘ።

ስምንተኛውም ዘጠነኛውም ቀን እንዲሁ አለፉ። በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ ነበር፣ የጎደለ ነገር እንኳ አልተነሳም። ተቀምጠው ስለ ድሮ ዝናብ አወሩ። ሲሄዱ ያፌት «ነገ ይመለሱ» አላቸው፤ እሳቸውም «እሺ» አሉ።

ዓርብ አልመጡም።

ያፌት አራት ሰዓት ላይ ሁለት ብርጭቆ ቀዳ፤ ሁለተኛው በረደ። ሰኞም አልመጡም። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ። ደረጃው ጸጥ ብሏል። ያ ጸጥታ አሥራ አንድ ዓመት የኖረበት ጸጥታ ነው፤ አሁን ግን ሊችለው አልቻለም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ ፍጥጥ ብሎ የታየው። አንድ ሽማግሌ መሬት ልርገጥ ብሎ ሲለምን፣ እሱ የሽማግሌውን ሚስት ዘጠኝ ቀን አመላልሶ ሻይ ጠጥቶባቸዋል። ለሕንፃው ብሎ አልነበረም። ሰው ናፍቆት ነው። አፈረ፤ ብቻውን በተቀመጠበት ፊቱ ጋለ።

ወረቀት አንስቶ የጽሕፈት መኪናው ላይ አጠመደ። «ጉዳዩ፦ የአጎራባች ስምምነትን ይመለከታል» ብሎ ጀመረ። «በመሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሊፍት ቢደገፍ በበኩላችን ተቃውሞ የሌለን መሆኑን እንገልጻለን።» ፈረመ። ማህተሙን እፍ ብሎ አሳረፈበት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በባዶ ወረቀት ላይ ሲመታው የኖረ ማህተም ነው፤ ጉዳይ ባለበት ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይኸው የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ደረጃውን ሲወርድ ግድግዳውን አንዴ በመዳፉ ዳሰሰው።

በግቢው በር ሲወጣ በሩ ተናገረ። «ንብረት ቁጥር 212 በሥራ ሰዓት ከግቢ ወጥቷል» አለ።

«ወጥቷል» አለ ያፌት፤ መንገዱን ቀጠለ።

ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ሰው የለም ቢባል ይታመናል። በየበሩ ሥር አቧራ ተከምሯል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አረፍ ብሎ ሲተነፍስ ከላይ ድምፅ ሰማ፤ የሽማግሌ ግን ጉልበት ያለው ድምፅ። «መገናኛ! መገናኛ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ያፌት ጉልበቱን እየደገፈ ፈጠን ፈጠን ብሎ ወጣ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ሲያንኳኳ ወይዘሮ ሶልያና ብቅ አሉ። በአምስት ቀን ውስጥ ያረጁ መሰለው።

«እርስዎ ነዎት?» አሉ። «እንዴት ወጡ? ይፈቀዳል?»

«ደብዳቤውን ይዤ መጣሁ እማማ። ተፈርሟል።» ዘረጋላቸው። አልተቀበሉትም፤ ስለዚህ ማውራቱን ቀጠለ፤ ያላወራ እንደሆን መልሶ የሚሄድ መሰለው። «ስብሰባ የሚባል ነገር አልነበረም። ኃላፊውም ማህተም ያዡም እኔው ነኝ። የመጀመሪያው ቀን መፈረም እችል ነበር። ሰው ናፍቆኝ ነው ያመላለስኩዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

ወይዘሮ ሶልያና ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ደስታ አልነበረበትም።

«አውቄያለሁ ልጄ» አሉ። አንቱታውን ተዉት። «ሁለተኛው ቀን ነው ያወቅኩት። ሰባት ፎቅ ሙሉ አንድ የሚያስል ሰው የለም። ሳል የሌለበት ስብሰባ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«ታዲያ ካወቁ ለምን ይመላለሱ ነበር?»

«አንተስ ለምን ታመላልሰኝ ነበር?»

እሳቸው በሩን ከኋላቸው ሳብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሰው 'ይቀመጡ' ካለኝ ስንት ዓመቴ ነው? እዚህ ቀን ከሌት እሱ ያማርራል፣ ግድግዳው ያባብላል። እዚያ ስመጣ ሻይ ይቀዳልኛል፣ ጉዳዬ ይጠየቃል። ቶሎ እንዳያልቅ እኔም ፈራሁ። ያን ቀን ፋይሉ ጠፋ ስትለኝ እኮ መሳቢያው ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ወረቀት ደረብኩበት።» እንባቸው መጣ፤ በሹራባቸው እጅጌ ጠረጉት። «ሁለታችን ስንጫወት እሱ ብቻውን ነበር። ሐሙስ ማታ ስገባ፣ 'ልትወርድ ነው እኮ፣ ትንሽ ነው የቀረው' ብለው፣ 'ወዴት?' አለኝ። 'ታች' አልኩት። 'እዚህ ሰው ሞልቶልኝ ታች ምን ልሠራ?' አለኝ። ይኼንኑ ለመልስ ሰጪው ነገረው። በአንድ ሰከንድ ጉዳያችሁ መፍትሔ አግኝቷል አለና ፋይሉን ዘጋው።»

«ደብዳቤው አለ እኮ» አለ ያፌት። «እንደገና ያመልክቱ።»

«ማን ነው የሚያመለክተው? ባለጉዳዩ እሱ ነው። እሱ ደግሞ ጉዳይ የለውም።» ደብዳቤውን ከእጁ ወስደው በሁለት አጠፉና መልሰው የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተቱለት። «ውሰደው። ማተሚያ ቤቱ ጥበቃው ሲነሳ ምን እንደሆነ አይቻለሁ፤ ቤትህን በከንቱ አታፍርስ።»

ከውስጥ «ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ! አንቺ ልጅ ሒሳብ!» ይላል ድምፁ።

«አንድ ጊዜ ጥራው» አሉ ወይዘሮ ሶልያና። «የእኔን ድምፅ አልሰማ ብሎኛል። ምናልባት እንግዳ ሰው ቢጠራው።»

ገባ። ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና ያ ግድግዳ ነበሩ። ግድግዳው መንገድ ሆኗል፤ የዚሁ ሰፈር መንገድ፣ በ2036 ወይም በዚያው ገደማ። ጠዋት ነው። ታክሲዎች ተደርድረዋል፣ ተማሪዎች ይሻገራሉ፣ አንዱ ሞባይል እያወራ ሌላውን ገፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ሰው እንደ ጉድ ነው። አቶ ናሆም ወንበራቸውን እስከ ግድግዳው አስጠግተው፣ ቀኝ እጃቸውን በታክሲ መስኮት እንዳወጣ ሰው ወደ ጎን ዘርግተው ይጣራሉ።

«አቶ ናሆም» አለ ያፌት። «ጎረቤት ነኝ። ልጠይቅዎ መጥቼ ነው።»

ሽማግሌው ዞር አሉ። ፊታቸው በርቷል። ዘጠኝ ቀን ሲወራለት የቆየው ያ ነጭናጫ ሰውዬ አልነበሩም።

«ጎረቤት? ከየት?»

«ከዚህ ከጎን። ከሚዛንና መስፈሪያ።»

«ውይ፣ እዚያ ነው እንዴ የምትሠራው? ታድለሃል!» ወዲያው ወደ ግድግዳው ተመለሱ። በመንገዱ ዳር ሕንፃው ቆሟል፤ ሰባቱም ፎቅ መስኮቱ ወለል ብሏል። በደረጃው ላይ ሰው ይወጣል፣ ሰው ይወርዳል፣ ፋይል የታቀፈች ሴት ሌላዋን ቆማ ታሳስቃለች፤ በየመስኮቱ ራስ ይታያል። ያፌት ሃያ ሰባት ዓመት በኖረበት ቤት ውስጥ ያን ያህል ሰው ሊኖር እንደሚችል አስቦት አያውቅም።

«የትኛው ነህ?» አሉ አቶ ናሆም። «አሳየኝ እስቲ። እዚያ እኮ ብዙ ሰው ነው ያለው።»

ያፌት በ2036 የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ በዚህ ሰፈርም አልኖረም። ወይዘሮ ሶልያና በሩ ላይ ቆመው ያዩታል። እኔ እዚህ ነኝ፣ እዚህ ከኋላዎ ነኝ ሊል አሰበ። ሽማግሌው ግን ጣታቸውን ደረጃው ላይ አድርገው፣ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እያሻገሩ፣ ይኼ ነህ፣ ያኛው ነህ እያሉ በጉጉት ይፈልጉት ነበር። ያፌትም ጠጋ ብሎ አብሯቸው ፈለገ።

«ያ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «በሁለቱ መሀል ያለው። የሚስቀው።»

አቶ ናሆም ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት። «ደስ ትላለህ» አሉና እጃቸውን አንስተው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰው ሰላም አሉት።